ከኋላ ወንበር

ኢብራሂም እንደሚለው ከሆነ፣ ከትናንት በስቲያ አማቱን ከአንበሳሜ ወደ ደብረ ታቦር ሲያመጣ የተሰበረው ሦስት እንቁላል ብቻ ነው። አማቱ እሜት ሐሊማ እንደሚሉት ደግሞ ሳይሰበር የተረፈው ሦስት እንቁላል ብቻ ነው። እሱ መኪናዋ ምንጣፍ ላይ እንደምትራመድ ድመት ኮሽ ሳትል ገባች ይላል። እሳቸው መንገድ ላይ ምላሳቸውን ሁለት ጊዜ እንደነከሱና ወገባቸው እስካሁን ወደ ቦታው እንዳልተመለሰ ይናገራሉ።

ሁለቱም ውሸት የሚወዱ ሰዎች አይደሉም። ለጀሚላ ነገሩን ያከበደባትም ይኸው ነበር። ግቢው ውስጥ ካለው መደብ ላይ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን ፀሐይ ያሞቀው ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ እጇን ስምንት ወር ባለፈው ሆዷ ላይ አሳርፋ ባሏንና እናቷን ተራ በተራ ትሰማለች። አንዳቸውን ለማመን ሌላውን ዋሾ ማለት አለባት፤ ለዚያ ደግሞ ልቧ እሺ አላለም።

የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። በዚህ የሚከራከር የለም። አንበሳሜ ላይ ጓዳው በጭቃ ተለስኗል፤ የገንፎው እህል ተፈጭቷል፤ አክስቶቿ ማን ቀን፣ ማን ሌሊት እንደሚጠብቃት ተራ ተከፋፍለው ጨርሰዋል። የቀረው እሷን ማድረስ ነው። አዋላጇ በቅሎ የሚባል ነገር በሐሳቧም እንዳይመጣ አስጠንቅቃለች። ጎረቤቶች ቃሬዛ እንሥራ ሲሉ ጀሚላ ራሷ፣ «በቃሬዛ የሚወጣ ሰው ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ» ብላ እንቢ አለች። ስለዚህ የቀረችው መኪናዋ ናት። ኢብራሂም ከጣሊያኖቹ የመንገድ ሥራ ጋር ሁለት ዓመት መኪና ሲጠግን ኖሮ፣ ተበላሽታ የተጣለችውን ይህችን ትንሽ መኪና በደመወዙ ፈንታ ተቀብሎ ነፍስ ዘራባት።

ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነው። የይለፍ ወረቀቱ የተሰጠው ለሦስት ቀን ብቻ ነበር። ጣሊያኖቹ ጉና ተራራ ላይ ያሉትን አርበኞች ስለሚፈሩ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ኬላውን ይዘጋሉ። አዲስ ወረቀት ለማውጣት ወር ይፈጃል፤ ልጁ ወር አይጠብቅም። እሜት ሐሊማ የታመሙ ባላቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ስለመጡ፣ ጀሚላ ሄደችም ቀረችም እሳቸው ዛሬ መመለሳቸው ነው።

«እኔስ አርጅቻለሁ፤ ከሰበረኝም ይስበረኝ» አሉ እሜት ሐሊማ። «ልጄ ግን ይህ ነገር ላይ አትወጣም።»

«ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፣ እሜት» አለ ኢብራሂም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለም እንዴ?»

«በእግሩ ነው የተባለው። በመኪና ይሄዳል ያለ አልሰማሁም።»

ጀሚላ ሳቋን ዋጠች፤ ከሰሞኑ ስትስቅ ጎኗን ይወጋታል። ሳቁ ሲያልፍላት ዓይኗ ከደጃፉ አጠገብ ታጥበው ፀሐይ ላይ የተደፉት ሁለት ቅርጫቶች ላይ ዐረፈ። ሁለት መሆናቸውን እስካሁን ልብ አላለችውም ነበር።

«እማ፣ አንቺ የት ነበር የተቀመጥሽው?»

«ከኋላ ነዋ። ቅርጫቴን አቅፌ።»

«አንተስ የቆጠርከው የትኛውን ቅርጫት ነው?»

ኢብራሂም ግንባሩን አከከ። «ከፊት፣ ከጎኔ የነበረውን። የኋላውን እሳቸው ይዘውት ጓዳ ገቡ።»

ሁለት ቀን ሙሉ የተከራከሩት ስለ ሁለት ቅርጫት ኖሯል። እሜት ሐሊማ ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ «ያው ነው። እኔ አልዋሸሁም» አሉ። ኢብራሂምም፣ «እኔም አልዋሸሁም» አለ፤ ግን ድምፁ ውስጥ የጠዋቱ ኩራት አልነበረም። እንደ ባለሙያ ነገሩን አሁን አየው። የሾፌሩ ወንበር በመኪናዋ የፊትና የኋላ ጎማዎች መካከል ነው፤ የኋላው ወንበር ግን ልክ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ነው። ጎማው የረገጠውን ድንጋይ ሁሉ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ይረግጠዋል።

«እንግዲያው ከፊት ትቀመጥ» አለ።

ሞከሩት። ጀሚላ አንድ እጇን ባሏ ትከሻ ላይ፣ ሌላውን በሩ ላይ አድርጋ ገባች። የማርሹ ዘንግ ጉልበቷን ከለከላት፤ የፊቱ ብረት ሆዷን ገፋት፤ በሩ አልዘጋ አለ።

«አውጡኝ» አለች እየሳቀች ጎኗን ይዛ። «ሆዴ ከመኪናዋ ቀድሞ አንበሳሜ ሊገባ ነው።»

ከወጣች በኋላ ግን ወደ መደቡ አልተመለሰችም። ዞራ የኋላውን ጎማ አየችው። ቸርኬው ትልቅ ነው፤ ጎማው በብረቱ ዙሪያ እንደ መቀነት የተጠመጠመ ቀጭን ነገር ነው። በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ከድንጋይ አይለይም። ኢብራሂም ይህን ጎማ እንደሚወደው ታውቃለች። ረጅም እግር ድንጋይ ይሻገራል፣ ቀጭን ጎማ ይሮጣል ይላል። ባለፈው ጥር በዚህ ጎማ ከአንድ የጦር ካሚዮን ቀድሞ ገሳይ ከተማ ገብቶ ሳምንት ሙሉ አውርቶታል።

«ይህ ከበቅሎ ኮቴ በምን ይሻላል?» አለችው ቀስ ብላ።

«አያ ፈንታሁን ዘንድ ወፍራም ሁለት አሉ» አለ ኢብራሂም በመጨረሻ፣ ባይናገረው ደስ እንደሚለው ሰው።

አያ ፈንታሁን በከተማው ጫፍ፣ ወደ ጉና በሚያወጣው መንገድ ላይ የሚኖሩ ገብስ አራሽ ናቸው። እሜት ሐሊማ ልጃቸው መኪና ላይ እንዳትወጣ ስላሉ እናትና ልጅ በእግራቸው ሄዱ፤ ኢብራሂም ባዶ መኪናውን እንደ ታማኝ ውሻ ከኋላቸው እያስከተለ ነዳ። ያየ ሁሉ ቆሞ ያልፋል።

አያ ፈንታሁን አጥራቸው ሥር ቢላዋቸውን ይስሉ ነበር። በጋውን የጎማ ጫማ ይሠራሉ። አንድ ገበሬ ከነቤተሰቡ ያን ሁሉ ጫማ ምን ያደርገዋል ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። አጠገባቸው ሁለት ጎማ ከነቸርኬው ተጋድሟል፤ ክረምት ላይ ገደል ከገባ የጣሊያን መኪና የተፈታ ነው። በአንደኛው ላይ በከሰል የእግር ቅርጽ ተሥሏል።

«አያ፣ ቢላዋውን ትንሽ ያቆዩልኝ» አለ ኢብራሂም።

«ምነው፣ እግርህን በረደው?»

ኢብራሂም ተንበርክኮ ለካ። ቸርኬው ከመኪናዋ ቸርኬ በአራት ጣት ያንሳል፤ ጎማው ግን እንደ ጎልማሳ ጭን ወፍራም ነው። የብሎኖቹን ቀዳዳዎች ቆጠረ፤ አራት ናቸው፣ ልክ ናቸው። ለጀሚላ ሲያስረዳት እውነቱን አልሸሸገም። በቀጭኑ ጎማ ውስጥ ያለው ንፋስ ትንሽ ስለሆነ ድንጋዩ በቀጥታ ብረቱን ይመታል፤ በወፍራሙ ውስጥ ግን ንፋሱ ብዙ ነው፣ ድንጋዩን ይውጠዋል። በሌላ በኩል የመኪናዋ ኋላ ዝቅ ይላል። መንገድ ላይ ያለውን ወንዝ ሲሻገሩ ድንጋይ ሆዷን እንዳይነካት መንገድ እየመረጡ መሄድ ነው። ሩጫ የለም።

«እነዚህን የሚጠብቃቸው ሰው አለ» አሉ አያ ፈንታሁን። «ነገ ሊወስዳቸው ሲመጣ ምን እለዋለሁ?» ይህን ሲሉ ዓይናቸው ወደ ጉና ሄዶ ተመለሰ። ማነው ያላቸው የለም።

«በምትኩ የእሱን ሁለቱን ይውሰዱ» አለች ጀሚላ።

አያ ፈንታሁን ተነሥተው የመኪናዋን ቀጭን ጎማ በጥፍራቸው ሞከሩት። «ይህስ ይሻላል። ወፍራሙ ትከሻዬን ገድሎታል፤ ግንድ መፍለጥ ነው። ግን ስማ ኢብራሂም፣ ቢላዋ ከነካው በኋላ ጎማዬን መልሱልኝ የለም። ኋላ በራፌ ላይ ቆመህ እንዳታለቅስ።»

ኢብራሂም ጎማዎቹን አየ። ገሳይን አሰበ፤ ከኋላ አቧራ እየቃመ የቀረውን ካሚዮን አሰበ። ከዚያ የሚስቱን እግር አየ። ከቤት እስከዚህ በመራመዷ ብቻ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ጠፍቷል።

«ይቁረጡት» አለና ክሪኩን ሊያወጣ ሄደ።

ጎማዎቹ ተቀይረው መኪናዋ መሬት ስትወርድ አያ ፈንታሁን ዙሪያዋን ዞሩ። ፊቷ እንደ ድሮው ከፍ ብሎ፣ ኋላዋ ግን ዝቅ ብሏል።

«ኢየሱስን፣ ጅብ መስላለች» አሉ።

«ጅብም ቢሆን ልጁን በደህና ያሳድጋል» አሉ እሜት ሐሊማ። ከጠዋት ጀምሮ ስለ መኪናዋ ደግ የሚመስል ነገር ሲናገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ቀጥለው ግን ፊታቸውን አጠነከሩ። «ልፈትነው። አሥር እንቁላል አምጡልኝ።»

እንቁላሉ ከአያ ፈንታሁን ቤት መጣ። ኢብራሂም እንደ ልማዱ ጭድ ሊጎዘጉዝ ጎንበስ ሲል እሜት ሐሊማ እጁን ያዙት።

«ጭድ የለም። ልጄ ሆድ ውስጥ ጭድ የለም።»

ቅርጫቱን ታቅፈው ከኋላ ተቀመጡ። በአካባቢው ክፉ የሚባለው ድንጋያማ ቦታ ደርሰው ሲመለሱ አራት እንቁላል ፈስሶ ነበር። ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ ኬላው እስኪዘጋ የቀረው ከሦስት ሰዓት አይበልጥም። እሜት ሐሊማ የተበላሸ ቀሚሳቸውን እያራገፉ፣ «ይኸው» አሉ፤ ደስታ ግን አልነበረበትም። የእሳቸውም ልብ የተመኘው ልጃቸውን ይዘው መግባት እንደነበር ጀሚላ ያኔ ገባት። እናቷ ክርክሩን በማሸነፋቸው አልተደሰቱም፣ ባሏም በመሸነፉ አልተናደደም፤ ሁለቱም የፈሩት አንድ ነገር ነው።

ጎንበስ ማለት ስላልቻለች በጉልበቷ ወርዳ አዲሱን ጎማ በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ወፍራም ነው፤ ግን ድንጋይ ነው።

«እንደ ድሮው ነው የነፋኸው» አለችው።

«ጎማ እንዲህ ነው የሚነፋው፣ ጀሚላ። ከላላ ይደክማል።»

«እኔም ደክሞኛል። ትንሽ ቀንስለት።»

ኢብራሂም ንፋሱን ፈታው። ጎማው ሲያፏጭ የአያ ፈንታሁን ዶሮዎች ተበተኑ። ጀሚላ ጣቷን ሳታነሣ ጠበቀች፤ ጎማው ጣቷን ሲቀበለው፣ «አሁን» አለች። መኪናዋ ጠግቦ እንደተኛ በሬ ተደላድላ ተቀመጠች። አራት አዲስ እንቁላል ተጨመረ፤ አሁንም ያለ ጭድ።

በዚህ ጊዜ ጀሚላ ከአያ ፈንታሁን ጋር መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀች። ሽማግሌው አንደኛውን ቀጭን ጎማ ከቸርኬው አውልቀው መቁረጥ ጀምረዋል፤ ቢላዋው ጎማው ውስጥ ሲገባ የሚሰማው ድምፅ የማይመለስ ነገር ድምፅ ነው። መኪናዋ ከጠመዝማዛው ብቅ አለች። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየዞረች፣ አንዳንዱን በኋላ እግሯ እያሸች ትመጣለች።

«አህያዬ ትቀድመዋለች» አሉ አያ ፈንታሁን። ትንሽ አዩና ደግሞ፣ «ይሁን። አህያዬ ግን እንዲህ አትተኛም» አሉ።

ኢብራሂም ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። «አሥሩም ደህና ናቸው» አለ።

«አንዱ ተሰንጥቋል» አሉ እሜት ሐሊማ።

«ያ ከጎጆው ሲወጣም የተሰነጠቀ ነበር።»

«ሲወጣ አይቼዋለሁ፤ ደህና ነበር።»

ሁለቱም ወደ ጀሚላ ዞሩ። እንቁላሉን ተቀበለቻቸውና ወደ ፀሐይዋ አነሣችው። ከፀጉር የቀጠነ መስመር አለበት፤ አልረጠበም። ከመቼ ጀምሮ እንዳለ መስመሩ አይናገርም። ጀርባዋ ላይ ጉና ቆሟል፤ ፊት ለፊቷ ወደ ጣና የሚወርደው መንገድ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሆዷ ውስጥ ያለው ተገላበጠና ጎኗን አንዴ መታ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

እንቁላሉን ከዘጠኙ ጋር መልሳ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠችና ቅርጫቱን ለባሏ ሰጠችው።

«እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ እማም ከጎኔ» አለች። «እንቁላሉ ከፊት ይሂድ።»