ለማድያት የተጠየቀች ጠብታ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሚልካ ከቤተ ሙከራዋ ደጃፍ ብቅ ስትል እናቷን እናትነሽን አገኘቻት። እናትነሽ በእንጅባራ የገበያ ቀን ድንቿን ለጎረቤት አደራ ብላ፣ በባጃጅ መጥታለች። ገበያ ጥላ የምትመጣ ሴት አይደለችምና ሚልካ ደነገጠች።

ነገሩ ግን ሠርግ ነበር። የሚልካ ወንድም ጢሞቲዎስ በጥር ይሞሸራል፤ እናትነሽም ሃያ ዓመት ፀሐይ ላይ ድንች ስትሸጥ ጉንጯን የወረሰውን ማድያት ይዛ ከሙሽራዋ ወላጆች ፊት መቀመጥ አልፈለገችም። ልጇ ጥቁረት የሚቀንስ መድኃኒት እንደምትሠራ ሰምታለች፤ የምትፈልገው አንዲት ጠብታ ብቻ ነው።

ሚልካ በትዕግሥት አስረዳቻት። ጂንሰንግ ከሚባል የሩቅ ምሥራቅ ሥር የተገኘውን ንጥረ ነገር በኢንዛይም ትለውጠዋለች፤ ኢንዛይምም ሊጥን እንደሚለውጥ እርሾ ያለ ነው። የተለወጠውን በሳህን ላይ ለሚያድጉ የቆዳ ሴሎች ስትሰጥ፣ ሴሎቹ የሚያመርቱት ጥቁር ቀለም ይቀንሳል። በሰው ፊት ላይ ግን ገና አልተሞከረም።

«እርሾው ከገባበት ስንት ጊዜ ሆነው?» አለች እናትነሽ።

«ሦስት ወር።»

«ታዲያ ይኼ ደርሷላ።»

ሚልካ ሳቀች። እናቷ ግን አልሳቀችም፤ የልጇን ጋዋን ክር ለቀም እያደረገች ቀጠለች።

«ልጅ ሆነሽ ሲያስልሽ ሽሮፑን ቀድሞ የሚቀምስልሽ ማን ነበር? ያንቺንስ ከኔ በፊት ማን ሊቀምሰው ነው?»

 ሚልካ ማስረጃ ያልተገኘለትን ነገር ለማንም ላለመስጠት ለራሷ ቃል ገብታለች፤ ያ ማንም እናቷ ትሆናለች ብላ ግን አላሰበችም። የራሷን ሰፊ ባርኔጣ አውልቃ በእናቷ ራስ ላይ ደፋችላት፤ ሰኞም ወደ ቆዳ ሐኪም አብረው እንደሚሄዱ ነገረቻት።

«የመንገድ ቀያሽ አስመሰልሽኝ» አለች እናትነሽ፣ በመጨረሻ ፈገግ ብላ።

ባርኔጣውን ስታስተካክልላት ነው ሚልካ ያየችው፤ ከማድያቱ ዳር የእናቷ ቆዳ ተልጦ ቀልቷል። ምን እንደተቀባች ጠየቀቻት። እናትነሽ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ፣ ከጫግኒ ገበያ የገዛችውን ስም የሌለው የማድያት ማጥፊያ ብልቃጥ አሳየቻት። ግማሹ አልቋል።

ሚልካ እጇን ዘረጋች። «እማ፣ ይኼን ለኔ ስጪኝ።»

እናትነሽ ግን ብልቃጡን ሳትሰጣት በጭብጧ እንደያዘች ወደ ገበያው መንገድ ትመለከት ጀመር።