በእኛስ ስንት ነው?

የሺወርቅ ደሴ እያለች አሥራ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምራለች። ናይሮቢ ከገባች ወዲህ የምታስተምረው ግን የሰው አገር ታሪክ ነው፤ ያውም ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ፣ ፓስተር አወቀ የቤተ ክርስቲያኑን የቆርቆሮ አዳራሽ ስለፈቀዱላት። ተማሪዎቿ ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናቸው የስደተኛ ልጆች ናቸው። የሁሉም ቤተሰብ ወደ አሜሪካ የመሄድ ፕሮሰስ ጀምሯል። ልጆቹ እዚያ ሲደርሱ ከእኩዮቻቸው እንዳያንሱ የአሜሪካን የጥንት ታሪክ እየተማሩ በረራቸውን ይጠብቃሉ። በረራ የወጣለት ይሄዳል፤ ያልወጣለት በሚቀጥለው ቅዳሜ መጥቶ ባዶውን ወንበር ያያል። በፈረንጆቹ 2005 መጀመሪያ ላይ ሃያ ሦስት ነበሩ፤ ጁን ሲገባ አሥራ አራት ቀሩ።

እንዲህ እየሳሳ በሚሄድ ክፍል ደስ ብሎት የሚያስተምር ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም። የሺወርቅን የሚያጽናናት አንድ ነገር ነበር። ሰሌዳውን መሃል ለመሃል በመስመር ትከፍለዋለች፤ በግራ «በእነሱ»፣ በቀኝ «በእኛ» ብላ ትጽፋለች። በግራ 1620፦ አንድ መቶ ሁለት ሰዎች በመርከብ ባሕር አቋርጠው መጡ፤ በመጀመሪያው ክረምት ግማሾቹ አለቁ። በቀኝ 1613፦ አፄ ሱስንዮስ በዙፋን ላይ ነበሩ። በግራ 1776፦ አሥራ ሦስቱ ግዛቶች ነጻነታቸውን አወጁ። በቀኝ 1768፦ ጎንደር ላይ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት። ልጆቹ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ከሆነ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ከሆነ ስምንት መቀነስን እንደ ጨዋታ ለመዱት። እሷ ግራውን ጽፋ ሳትጨርስ «በእኛስ ስንት ነው?» ብለው ይጮሃሉ። ሁልጊዜ ቀድማ የምትመልሰው ምርቃት ናት።

ምርቃት የእህቷ የየውብዳር ልጅ ናት። የውብዳር በየካቲት 1994 ስትሞት ልጅቷ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። አባት የሚባል በሕይወቷ አልነበረም። የሺወርቅ አዝላም ጎትታም በሞያሌ በኩል አሻገረቻት፤ ሌላ ወገን የላቸውም። ወረቀታቸውም አንድ ላይ ነው፤ አክስትና የሟች እህቷ ልጅ ተብሎ።

አንድ ቅዳሜ ናትናኤል የሚባል፣ ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ይሄ የቀኙ ምን ይሠራልናል? አሜሪካ ማንም አስክ አያደርገንም። ሃቱሂታጂ፣ አያስፈልገንም።»

የሺወርቅ ደሟ ፈላ። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«የእነሱን በእነሱ፣ የእኛን በእኛ ቁጠሩ! የትም ብትሆኑ፣ ማንም ቢጠይቃችሁ!»

ንግግሩ ያምር ነበር፤ እሷም እንዳማረላት ታውቃለች። ኋላ ጉድ የሠራት እሱ ነው።

የሺወርቅና ምርቃት ኢንተርቪው የተጠሩት ጁላይ ላይ፣ ዌስትላንድስ ሰፈር በሚገኝ የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ነው። ከባዱ ፈተና እሱ ነበር፤ እሱን ካለፉ የቀረው የሐኪም ምርመራና በረራ ነው። የሺወርቅ በአስተርጓሚው በጋሽ ወርቁ በኩል ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጠየቀች። እያንዳንዱን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ተናገረች፤ ሳትሳሳት። ከዚያ ልጅቷ ለብቻዋ ትግባ ተባለ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጋሽ ወርቁ እየሳቁ ወጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

«አባረረችኝ እኮ! ‹ኖ ትራንስሌተር፣ አይ ስፒክ ኢንግሊሽ› አለቻት ለጠያቂዋ። ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደግሽው አንቺ?»

የሺወርቅ ሳቀች። ኩራት ተሰማት፤ እውነቱን ለመናገር በዚያ ዓመት ከተሰማት ሁሉ ትልቁ ደስታ ነበር።

ምርቃት ፊቷ በርቶ ወጣች። በማታቱ፣ በከተማው ሚኒባስ፣ ሲመለሱ ወሬዋ አላልቅ አለ።

«እትዬ፣ ሂስትሪም ጠየቀችኝ! መርከቧ መቼ መጣች አለችኝ፤ 1620 አልኳት። ‹ዋው› አለች።»

«ሌላስ?»

«መቼ ተወለድሽ አለችኝ፤ 1996 አልኳት። ስለ እማዬም ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«እንደሆነው ነገርኳታ።»

የሺወርቅ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ልጅቷ የእናቷ ነገር ከተነሳ ለቀናት እህል አትቀምስም፤ እንዲህ የበራ ፊት በማታቱ ውስጥ ማጥፋት አልፈለገችም። ጥፋቷ ይህ ከሆነ ጥፋት ነው፤ እኔ ግን አልፈርድባትም።

ደብዳቤው የመጣው ሴፕቴምበር ላይ ነው። የሺወርቅ በሥራ ቀን ላቪንግተን በሚባል ሰፈር የአንድ ሐበሻ ነጋዴ ልጆችን ታስጠናለች፤ ፖስታውን ከከተማ ተቀብላ ወደዚያው ስትሄድ ማታቱ ውስጥ ቀደደችው። እንግሊዝኛው ጨዋ ነው። ልጅቷ ራሷ እንደተናገረችው እናት የተባለችው የሞተችው በ1994 ነው፤ ልጅቷ የተወለደችው ደግሞ በ1996 ነው፤ ስለዚህ ሟቿ የልጅቷ እናት ልትሆን አትችልም፤ ስለዚህ የአመልካቿና የልጅቷ ዝምድና አልተረጋገጠም፤ ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል። የሞተች ሴት አትወልድም ነው ነገሩ በአጭሩ።

1994ን የሺወርቅ አታጣውም። በእህቷ መቃብር መስቀል ላይ ያስጻፈችው ቁጥር ነው። የማታቱው ረዳት ላቪንግተን ብሎ ቢጮህ አልሰማችውም፤ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄደች።

ማታ ምርቃትን ደብተሯ ላይ አቀርቅራ አገኘቻት። ድምፅዋን አለስልሳ ጠየቀቻት።

«ምሪዬ፣ ያቺ ሴትዮ እማዬ መቼ ሞተች ስትልሽ ምን ብለሽ ነበር?»

«ናይንቲን ናይንቲ ፎር።»

«ልደትሽን በእነሱ ነግረሽ የለ? የእማዬን ለምን በእነሱ አልነገርሻትም?»

ምርቃት እንደ ቀላል ጥያቄ ቶሎ መለሰች።

«ልደቴ ስኩል ውስጥ በእነሱ ነዋ የተጻፈው። እማዬ ግን የእኛ ናት። የእነሱን በእነሱ፣ የእኛን በእኛ ብለሽ የለ?» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «ተሳሳትኩ እንዴ?»

«አልተሳሳትሽም» አለች የሺወርቅ። ደብዳቤውን ከፍራሹ ሥር ከተተችው።

በነጋታው ጋሽ ወርቁ ጋ ሄደች። ጋሽ ወርቁ ደብዳቤውን ሁለቴ አንብበው ራሳቸውን ያዙ። «ብቀመጥ ኖሮ» አሉ ደጋግመው፤ «እዚያ ወንበር ላይ ብቀመጥ ኖሮ በአንድ ቃል አቃናው ነበር።» አብረው ማመልከቻ ጻፉ፤ የኢትዮጵያ ዘመን ከፈረንጁ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት እንደሚያንስ፣ 1994 ማለት 2002 ማለት እንደሆነ፣ በሰንጠረዥ ጭምር አስረዱ።

መልሱ በኖቬምበር መጣ። የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነት ለቢሮው አዲስ ነገር አይደለም ይላል። ይሁንና ልጅቷ ያለ አስተርጓሚ፣ በገዛ ፈቃዷ ስትናገር ልደቷን በአውሮፓ አቆጣጠር በትክክል ነግራለች፤ የእናቷን ሞት ብቻ በሌላ አቆጣጠር ተናገረች መባሉ አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም። ውሳኔው ጸንቷል።

የሺወርቅ ይህንንም ከመጀመሪያው ጋር ከፍራሹ ሥር አደረገችው። ለልጅቷ አንድም ቃል አልነገረቻትም። ምርቃት ድሮ በየሳምንቱ «ፍላይታችን መቼ ነው?» እያለች ታደርቃት ነበር። አሁን መጠየቅ ትታለች። የሺወርቅም፣ ልጅ ነችና ረሳችው ብላ ለራሷ ነገረች፤ እንዲህ ማሰቡ ይቀላታል።

በዚያ ወር ማብቂያ ላይ፣ ቆርቆሮውን ዝናብ እየደበደበው፣ ክፍሉ ውስጥ ሰባት ልጆች ነበሩ። ናትናኤልም ሄዷል። ሁለቱ ገና ጀማሪዎች ስለሆኑ ትምህርቱ እንደገና ከመርከቧ ተጀመረ። የሺወርቅ ሰሌዳው ላይ 1620 ብላ ጻፈች። መሃሉን መስመር አላሰመረችም። ስለ መጀመሪያው ክረምት፣ ስለ ሞቱት፣ መርከቧ ስትመለስ ከተረፉት አንድ ሰው እንኳ ልመለስ ብሎ ስላለመሳፈሩ ተናገረች። ድምፅዋ ከዝናቡ ጋር ይታገላል።

ነባሯ ተማሪ ፍቅርተ ሰሌዳውን አይታ ግራ ተጋባች።

«ቲቸር፣ በእኛስ ስንት ነው?»

ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ሁሉም ወደ ምርቃት ዞሩ። ምርቃት እጆቿን ከዴስኩ ሥር አድርጋ ጉልበቷን ታያለች።

«አላውቅም» አለች።

ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት የምትመልሰው ነው። የሺወርቅ ያን ጊዜ ገባት። ፍራሹን ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት የምታነጥፈው ምርቃት ናት፤ እንግሊዝኛም ከእሷ ይልቅ ፈጥና ታነባለች። ደብዳቤዎቹን ስንት ጊዜ አንብባቸው ይሆን? ብቻዋን፣ ስንት ሳምንት ይዛው ከረመች?

«1613 ነው» አለች የሺወርቅ፤ ድምፅዋ ግን ከዝናቡ በላይ አልወጣም። ወደ ሰሌዳው ዞራ ፊቷን ልጆቹ እንዳያዩት ብዙ ቆየች።