ለእንግዳ የተገዛ እንጆሪ

ወንድይፍራው ሰው ማስከፋት አይችልም። ለዚህ ጠባዩ ሰፈሩ ሁሉ ይወደዋል፤ ዕዳው ግን ሁሌም የሚተርፈው ለእህቱ ለእሙ ነው። አስኮ ወንዝ ዳር ባለችው የጋራ መሬታቸው ላይ እንጆሪ እንትከል ሲላት፣ ቀራንዮ የነበራትን ጉልት ትታ መጣች። ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትም።

እንጆሪውን ያመጣው ማርተን የሚባል የሆላንድ ገበሬ ነው። ያለ ደመወዝ፣ በፈቃዱ የአካባቢውን አትክልተኞች ሊያግዝ የመጣ ሽማግሌ። ችግኙን አደለ፣ አተካከሉን በአስተርጓሚው በግሩም በኩል አስረዳና ወደ ሌሎች ማሳዎች ሄደ። የእህትና የወንድም እጅ የለመደው ግን ጎመን ነው። ችግኙን እስከ አንገቱ ቀብረው አፈሩን ጠቀጠቁበት። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ ይጠወልግ ጀመር።

ፍሬ በሚጠበቅበት ሰሞን ማርተን ሊሰናበታቸው እንደሚመጣ ሲሰማ እሙ እፎይ አለች፤ አይቶ መላ ይፈልግልናል ብላ። ወንድይፍራው ግን ጨነቀው።

"አገራቸውን ጥለው ለኛ ብለው የመጡ ሰው፣ በመጨረሻው ቀን ይሄን አይተው ይሂዱ?" አላት።

ብትከራከረውም ታላቋ ነውና ተሸነፈች። እሱም ገበያ ወርዶ የደረሰ እንጆሪ ገዛ፣ አጠበ፣ የራሱ አስመስሎ በሳህን አቀረበ። እንዲህ ያለ ደግነት ከየት እንደሚመጣ እንጃ። ማርተን አንዱን ቀምሶ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ማሳውን ልየው ሲል፣ ጭቃ ነው፣ ይወድቃሉ ተባለና ተመልሶ ተቀመጠ። እሙም ወንድሟን እንግዳ ፊት ማዋረድ አልሆነላትም።

ከሳምንት በኋላ ግሩም ደወለ። ሳንሱሲ ያሉት አትክልተኞች ተክላችን ጠወለገ ብለው ስለነገሩት፣ ማርተን ነቅሎ ከፍ አድርጎ ቢተክልላቸው አገግሟል። ሌላም የታመመ ማሳ ቢኖር ብሎ ትርፍ ቀናት ይዞ ነበር። የወንድይፍራውን እንጆሪ ከቀመሰ በኋላ ግን፣ ከእንግዲህ የሚፈልገኝ የለም ብሎ በጊዜ ተሳፈረ። አገሩ ገብቶም የሚያወራው ስለዚያ ሳህን ነው አለ ግሩም፣ እየሳቀ።

ወንድይፍራው ስልኩን ሲዘጋ ጸጸቱ አንገቱን አስደፋው። አጠገቡ ቆማ ሁሉንም የሰማችው እሙ ማሳው ውስጥ ገባች። አንዱን ተክል ሳብ ስታደርገው ያለ ሥር እጇ ላይ ቀረ፤ መሃሉ በስብሷል። ሌላውንም ሳበች፣ ያው ነው።

"ለሳቸው አዘንክላቸው፣ ወንድም ጋሼ" አለችው ቀና ሳትል። "እኔም እንግዳ ብሆንብህ ኖሮ ታዝንልኝ ነበር።"