ሕይወት ያለው ኪሎ

ቶክታር በንስር በሚያድኑ ሰዎች አገር፣ በኦልጊ ከተማ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ ነው። ክንድ የሚያህል ባለ አምስት ኪሎ ሌንስ አለው፤ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። ዘጠኝ የአደን ወቅት ሙሉ የአማቱን የሳይላውካንን አዳኝ ንስር ፎቶ ሲያነሳ ኖሮ አንድም ጊዜ ጥርት ያለ ምስል አልወጣለትም። ሽማግሌው ቤታቸው ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «ልጄን የዳርኩት ጭጋግ ለሚያነሳ ሰው ነው» እያሉ ያስተዋውቁታል። እንግዳው ይስቃል፤ ቶክታር ሻይ ይቀዳል።

ዘንድሮ ግን ቀልዱ አለቀ። ንስር ዐሥር ዓመት ገደማ ካገለገለች የራሷን ጫጩት ታሳድግ ተብሎ ብርዱ ሲለዝብ ተራራ ላይ ትለቀቃለች። የሳይላውካን ንስር ተራዋ ደርሷል።

«አንድ ምስል ብቻ» አሉ ሽማግሌው። «ላባዋ የሚለይበት። ከእንግዲህ የማያት በሱ ነው።»

ቶክታር እሺ አለ። አማቱን ይፈራቸዋል፤ ከሚፈራቸውም በላይ ይወዳቸዋል። ሁለተኛውን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ስለዚህ ሌንሱን የሚሸከምለት ባለ አንድ እግር መደገፊያ ሊገዛ ተነሣ። ሽማግሌው ተከተሉት። «አንተ ብቻህን ከሄድክ ምርኩዝ ገዝተህ ትመጣለህ» አሉ።

አይምጉል ቱሪስቶች ጥለውት የሚሄዱትን የካሜራ ዕቃ ሰብስባ ገበያ ውስጥ ትሸጣለች። ሦስት መደገፊያ አወጣችና ቀጭኑን ለቶክታር አቀበለችው።

«ቀላል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ብትይዘው አይሰማህም። ዐሥር ኪሎ ይችላል።»

«የሞተ ኪሎ ነው ወይስ ሕይወት ያለው ኪሎ?» አሉ ሳይላውካን።

«አባባ፣ ኪሎ ኪሎ ነው።»

«አይደለም ልጄ። መጀመሪያ የታረደ በግ ተሸከሚ፤ ቀጥሎ የሚራገጥ በግ ተሸከሚ። ከዚያ ንገሪኝ።»

ሽማግሌው የሚያውቁት መደገፊያ አንድ ነው፤ ባልዳክ። ኮርቻ ላይ ተተክሎ ንስር የተሸከመውን ክንድ ከሥር የሚደግፍ ጫፉ መንታ የሆነ እንጨት ነው። ካሜራ ከዚህ የተለየ ነገር ይፈልጋል ብለው ለአፍታም አላሰቡም። ቀጭኑን ኮርቻ ነው ብለው የአይምጉል በርጩማ ላይ አቆሙ፣ ክንዳቸውን ጫፉ ላይ አሳረፉና ወደ ቶክታር ዞሩ።

«በል፣ ንስር ሁን።»

ቶክታር ግራ ቀኙን አየና የአማቱን ክንድ ይዞ ይንጠው ጀመር። ጎረቤት ያለው ጫማ ሻጭ ንግዱን ትቶ ሊያይ መጣ። ብዙም ሳይቆይ የመደገፊያው መጋጠሚያዎች አንዱ ሌላው ውስጥ ገቡና ሽማግሌውን ይዘዋቸው ወረዱ።

«ይኸው፣ አሰገደኝ» አሉ ከጎነበሱበት። «ሌላ አምጪ።»

ሁለተኛው ከታች ሦስት ትናንሽ እግሮች ነበሩት። አይምጉል በኩራት ዘረጋቻቸው።

«ይሄ ለሜዳ ነው» አሉ ሳይላውካን። «ሜዳ ቢኖረን ምን ቆርጦን ተራራ እንወጣለን?»

ሦስተኛው ወፍራም ነው፤ መጋጠሚያው ሁለት ብቻ። ቶክታር አነሳውና «ይከብዳል» አለ። የሰማው የለም። ሽማግሌው ከካፖርታቸው ኪስ የንስር ጓንታቸውን አውጥተው አጠለቁ፤ መቆለፊያዎቹን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ እንደገና ከፈቱ። በጓንት የማይከፈት ነገር ብርዱ ገና ባልለቀቀው ተራራ ላይ አይከፈትም። ቶክታር አንገቱን ሳይሰብር እንዲያይበት ቁመቱን ለኩለት። ከዚያ በርጩማው ላይ አቆሙትና ጫማ ሻጩን ንስር አደረጉት፤ ከቶክታር ይልቅ ሥጋ ነበረው። ጫማ ሻጩም ከልቡ ታገለ። የበርጩማው እግር ቀጭ ብሎ ተሰበረ። መደገፊያው ንቅንቅ አላለም።

«ይሄን ጠቅልዪልን።»

«በርጩማዬስ?» አለች አይምጉል።

«እሱ የሞተ ኪሎ ነው የለመደው።»

በሳምንቱ በፈረስ ተራራ ወጡ። በልማዱ ንስር የለቀቀ ሰው ወዲያው ይደበቃል፤ ካየችው ተመልሳ ክንዱ ላይ ታርፋለችና። ቶክታር ሰማንያ እርምጃ ያህል ርቆ ሌንሱን መደገፊያው ላይ አቆመ። ሳይላውካን የመሰናበቻ ሥጋ ጣሉላት፣ ዓይኗን የጋረደውን ቆብ አወለቁላት፣ ወደ ላይ ሰደዷት። ዞረውም ሳያዩ አንድ ትልቅ ድንጋይ ሥር ገብተው ቁጢጥ አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ንስሯ አየር ላይ አንድ ጊዜ ዞረች። ከዚያ መጥታ እዚያው ድንጋይ ላይ አረፈችና አንገቷን አዘንብላ ቁልቁል ተመለከተቻቸው።

የቶክታር እጅ እንደ ልማዱ ተንቀጠቀጠ። ሌንሱ ግን አልተነቃነቀም። ትንፋሹን ይዞ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነ። ንስሯ ጥቂት ቆይታ ተነሣች፤ ሸንተረሩን ተሻግራም ሄደች።

ፈረሶቹ ጋ ሲደርሱ ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። «አሳየኝ እስቲ።»

ቶክታር ካሜራውን ሰጣቸው። የንስሯ ላባ አንድ በአንድ ይለያል። ከሥሯ ደግሞ ሳይላውካን አሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አፋቸውን ከፍተው እንደ ሕፃን ሲያለቅሱ። ጢማቸው ላይ የተንጠለጠለው እንባ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይታያል።

ሽማግሌው ምስሉን አተኩረው አዩት። የፈረሳቸውን እርካብ አስተካከሉ፤ መስተካከል አላስፈለገውም ነበር። ተመልሰው አዩት።

«አጠገቤ እንደነበረች አላወቅሁም» አሉ።

«እዚያው ነበረች፣ አባባ።»

ካሜራውን መለሱለትና ፈረሳቸው ላይ ወጡ።

«እሷን እንዳትነካት» አሉ ወደ ፊት እያዩ። «እኔን ግን ትንሽ አደብዝዘኝ። ትችልበት የለም እንዴ?»