ኩርፊያ የተሸለተች ቀን

ሲስተር ከአዳር ተረኛነት ወጥታ ቤቷ ስትደርስ፣ ባሏ ጓሮ ውስጥ የበግ መቀስ ይዞ ቆሞ ነበር። አራቱን በጎች ጠባቡ በረት ውስጥ አስገብቶ፣ አሮጌ አንሶላ መሬት ላይ አንጥፎ ጨርሷል። እሷ የፈለገችው ጫማዋን አውልቃ መተኛት ብቻ ነው።

«ሸላቹስ?» አለችው አጥሩን ተደግፋ።

«ደወለ። ትልቅ መንጋ አግኝቷል። ከሦስት ሳምንት በኋላ እመጣለሁ ነው የሚለው።»

«እና?»

«ሙቀቱን አታዪም? ትንሿ ከትናንት ጀምሮ ታለከልካለች። ሦስት ሳምንት አትጠብቅም።»

ባሏ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ከጥንቃቄው ብዛት ባልደረቦቹ «ጋሼ ፍሬን» ብለው ሰየሙት፤ ሰፈሩም በዚያው ይጠራዋል። ጡረታ በወጣ ሰሞን ሐኪሙ «ከወንበርዎ ተነሥተው ይንቀሳቀሱ» ቢለው፣ እንደ ሰው በእግሩ ወጣ ገባ በማለት ፈንታ፣ ሄዶ ከጉልበት ከፍ የማይሉ አራት ድንክ በጎች ይዞ መጣ። አይታረዱም፣ አይሸጡም። ጎረቤት «ታዲያ ለምንህ ናቸው?» ሲለው «ለማየት» ይል ነበር። ስምም አወጣላቸው። ሆዳሟ ዳቦ፣ ቀብራራዋ እመቤት፣ ትንሿ፣ እና ሰው ሲነካት ፊቷን የምታዞረው ኩርፊያ። ሲስተር በጎቹን አልወደደቻቸውም፣ አልጠላቻቸውምም። የእሱ ናቸው ብላ ትታቸዋለች።

ከሁለት ወር በፊት ግን ጋሼ ፍሬን ወገቡን ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ማጎንበስም፣ ከባድ ነገር ማንሳትም ተከለከለ።

«እንዳታጎነብስ ተብለሃል» አለችው።

«ቁጭ ብዬ ነው የምሸልተው።»

«በግ ቁጭ ተብሎ ይሸለታል? አውቶቡስ መሰለህ?»

እሱ ፈገግ አለ፤ እሷ አላለችም። ቦርሳዋን አጥሩ ላይ ሰቀለችና እጇን ዘረጋች።

«አምጣው። አንተ ያዝልኝ፣ እኔ ልቁረጥ።»

«መጀመሪያ ትንሽ ጋደም በዪ እንጂ።»

«አንዴ ከተጋደምኩ እስከ ነገ የሚቀሰቅሰኝ የለም።»

እሱ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እሷ ዳቦን ገልብጣ በቂጧ አስቀመጠችና ጀርባዋን ጉልበቱ ላይ አስደገፈችው። በግ እንዲህ ከተቀመጠች መታገሉን ትተዋለች።

«ከሆዷ ጀምሪ። ቆዳዋን በግራ እጅሽ ወጥሪው። ፀጉሩን ወደ ላይ አትሳቢ፤ ቆዳው አብሮ ይነሣና ትቆርጫታለሽ።»

ሲስተር በዕድሜዋ ፋሻ ቆርጣለች፣ የስፌት ክር ቆርጣለች፣ አደጋ የደረሰበትን ሰው ሸሚዝ ከላዩ ላይ ቀድዳለች። የበግ ፀጉር ግን ሌላ ነው። ቅባቱ መቀሱን ያዳልጠዋል፤ ጣትን ያጣብቃል። ዳቦን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ፈጀባት። በመጨረሻ ከፀጉሩ ክምር ውስጥ አንዲት ቀጭን፣ አንገተ ረጅም ፍጥረት ብድግ አለች።

«እሷ ናት?» አለች ሲስተር።

«እሷው ናት። የቀረው ልብስ ነበር።»

እመቤት ቶሎ አለቀች። ትንሿ ጭኗ ላይ በመቀስ ተነክታ ትንሽ ደማች፤ ጨርቅ ይዘው አቆሙላት። ፀሐይዋ እየከረረች ሄደች። አንድ ጊዜ ሲስተር ግንባሯን የትንሿ ጎን ላይ እንዳሳረፈች ሸለብ አደረጋት። ጋሼ ፍሬን አልቀሰቀሳትም፤ በጓን እንደያዘ ጠበቀ።

የቀረችው ኩርፊያ ነበረች። ለብቻዋ ጥግ ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ፣ የኋላ እግሯን መሬት ላይ ደጋግማ ትመታለች። ሲስተር ስትጠጋት ሽታው ቀድሞ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ሆስፒታል የሠራ ሰው ያንን ሽታ አይስተውም። እንቅልፏ በአንድ ጊዜ ጠፋ።

ጅራቷ ሥር ፀጉሩ ርሶ ጠቁሯል። ገለጥ ስታደርገው ከሥሩ ያለው ቆዳ ቀልቷል፣ ቆሳስሏል፣ በላዩ ላይ ትል ይርመሰመሳል።

«ዝንብ እንቁላሉን ጥሎባታል» አለች በቀስታ። ከዚያ ቀና አለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ባሏ ሱሪው ላይ የተጣበቀ ፀጉር መልቀም ያዘ።

«አንተን ነው የምጠይቀው። ‹በጎቹ እንዴት ናቸው?› ባልኩህ ቁጥር ‹ደህና ናቸው› ነው የምትለኝ።»

«ድርቆሹን ከአጥሩ በላይ እወረውርላቸዋለሁ። ሲበሉ አያለሁ» አለ። «ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ግን ከፀጉራቸው ሥር ዳስሼያቸው አላውቅም። ዝቅ ማለት አቃተኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መቼ ልንገርሽ?» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ከነጫማሽ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስድሻል። በሽተኛ ስታገላብጪ ያደርሽውን ሴትዮ፣ ‹ነዪ ደግሞ የበግ ቂጥ እዪልኝ› ልበልሽ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ለአስታማሚዎች ስትናገር ነው የኖረችው፤ በገዛ ቤቷ እንደሚያስፈልጋት አላሰበችም። ተናደደችበት። በራሷም ተናደደች። በረቱ ከወጥ ቤቱ መስኮት አሥር እርምጃ አይርቅም፤ በቀን ሁለት ጊዜ በአጠገቡ ታልፋለች።

«ለእንስሳት ሐኪሟ ደውል» አለችው። «ለብ ያለ ውኃና ወረንጦዬንም አምጣ።»

ሐኪሟ ከሰዓት በፊት መድረስ አልቻለችም፤ እስከዚያ የሚደረገውን በስልክ ነገረቻቸው። ሲስተር ከቁስሉ አንድ ስንዝር አርቃ ዙሪያውን ሸለተች። ከዚያ ትሎቹን በወረንጦ አንድ በአንድ እየለቀመች ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረች። ጉልበቷ ደነዘዘ። ኩርፊያ አልታገለችም። አገጯን ጋሼ ፍሬን ጭን ላይ ጣል አድርጋ ዓይኗን ከደነች።

«ምነው ባኮረፈችኝ» አለ። ዓይኑ እርጥብ ነበር።

ሲስተር ቁስሉን አጥባ አደረቀች። «ደህና ትሆናለች» አላለችውም፤ እርግጠኛ ሳትሆን እንዲህ የማለት ልማድ የላትም።

ሐኪሟ ከሰዓት መጥታ ኩርፊያን ሁለት መርፌ ወጋቻት፣ ቅባትም ሰጠቻቸው። «ሁለት ቀን ብትዘገዩ ኖሮ አትተርፍም ነበር» አለች። ከዚያ ጋሼ ፍሬንን ትክ ብላ አየችው። «አባቴ፣ በዚህ ወገብዎ አራቱን ይችሏቸዋል? ሰፊ ሣር ያላቸው አንዲት አስተማሪ አውቃለሁ። ጡረታ ወጥተዋል። አንዷ በጋቸው ሞታ ሌላዋ ብቻዋን ቀርታለች። ሁለቱን በደስታ ይወስዷቸዋል።»

ጋሼ ፍሬን ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ ፎጣዋን መጭመቋን ቀጠለች። የእሱ በጎች ናቸው፤ እሱ ይናገር።

«ዳቦና እመቤት ይሂዱ» አለ በመጨረሻ። «ኩርፊያ ሳትድን የትም አትሄድም። ትንሿ ደግሞ አብራት ትሁን፤ በግ ብቻዋን አትኖርም።»

ኩርፊያ በሦስተኛው ቀን ድርቆሽ ቀመሰች። በአምስተኛው ቀን ጋሼ ፍሬን አንገቷን ሊያክክላት ሲል ፊቷን አዞረችበት፤ ሲስተር ሥራ ላይ እያለች ደውሎ ነገራት። በሳምንቱ አስተማሪዋ መኪና ይዘው መጡ። ጋሼ ፍሬን ዳቦ የትኛውን ሣር እንደምትወድ፣ እመቤት ዝናብ እንደምትፈራ እያስረዳ በመኪናው መስኮት በኩል ብዙ አቆያቸው። መኪናው ከሄደ በኋላ ቤት ገብቶ ተኛ። ቀን መተኛት ልማዱ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ሁለቱን በየተራ ገልብጣ ከሥራቸው ታያለች። ሥራዋ አልቀነሰም፤ ድካሟም እንዳለ ነው።

ከወር በኋላ አንድ ጠዋት ከአዳር ስትመለስ ባሏ በሩ ላይ ጠበቃት። ቦርሳዋን እንኳ አላወረደችም።

«ትንሿ ታነክሳለች» አላት። «ምን እንደሆነች ግን ማየት አልቻልኩም።»

ሲስተር በረጅሙ ተነፈሰች። ቦርሳዋን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች፣ የትንሿን እግር አንሥታ አየች። ሰኮናዋ መካከል ጠጠር ተሰንቅሯል። በጣቷ ፈልቅቃ ጣለችው፤ ትንሿ ትንሽ አነከሰችና ቀጥ ብላ ሄደች። ሲስተር በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ሌላስ?» አለችው።

«ሌላ የለም።» እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። «ወገቤን ያመኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት።»

«እሺ፣ ገብተን አየዋለሁ» አለች። ወዲያው ግን አልተነሣችም። እሱም አላስቸኮላት፤ አጥሩን ተደግፎ አጠገቧ ቆመ።