አስቀድሞ የተከፈለ

«ሰርቃዋለች አልኩሽ እኮ!» አላት የሟቹን ልጅ አጎቷ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት። የእሱ ሹክሹክታ እስከ በር ይሰማል። ሻይ ይዘው የተቀመጡት ለቀስተኞች ዓይናቸውን ስኒያቸው ላይ ተክለው ጆሯቸውን ለእሱ ሰጡ።

«አጎቴ፣ ቀስ በል።»

«ምን ቀስ እላለሁ!» ጉልበቱ ላይ የከመረውን ደረሰኝ በካልኩሌተሩ መታ መታ አደረገው። «ባለፉት ሁለት ወራት የገባው ይቺ፣ የወጣው ይሄ ሁሉ! ወንድሜ ድንገት ሞተ፤ ቁልፉ ያለው እሷ ጋ። ሌላ ማን ይወስደዋል? እሁድ ለቀስተኛው ሲበተን ማሽኖቹ ይሸጣሉ፣ እሷም ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች።»

«እሷ» የተባለችው ትሪ ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች። በሟቹ የልብስ ንጽሕና ቤት ልብስ በካውያ ስትተኩስ ያረጀች ሴት ናት። ስትቆጣ እፍ እፍ ስለምትል ሟቹ «እንፋሎት» ይላት ነበር፤ ስሙም በዚያው ጸናባት። ሁሉንም ሰምታለች።

ልጅቱን ያናደዳት አጎቷ ብቻ አይደለም፤ አባቷም ጭምር ነው። በሞተ ሰው መናደድ ነውር መሆኑ አልጠፋትም፤ ግን ምን ታድርግ፣ ደሟ ፈልቷል። የሒሳብ ባለሙያ ልጅ ወልዶ፣ አስተምሮ፣ እሱ ሒሳብ የሚይዘው በመሳቢያ ነበር። ብር ከገባ ገቢ፣ ከወጣ ወጪ፣ አለቀ።

«አባዬ፣ ታጥቦ የተሰቀለው ኮትስ? ሥራው እኮ አልቋል፤ ገቢ ነው፤» ትለው ነበር።

«ባለቤቱ መጥቶ ይክፈልና ያኔ ገቢ ይሆናል።»

«ለከርሞ የሚሆን ሳሙና ዛሬ ብትገዛስ? ሙሉው የዛሬ ወጪ ነው?»

«ለከርሞ ዛሬ የሚገዛ ማን አለና? ቀኑ ሳይደርስ ከእኔ ኪስ ሳንቲም አይወጣም።»

«እሺ፣ ሒሳቡን ወደ አክሩዋል ልቀይርልህ፤ ገቢም ወጪም በየወሩ ድርሻው ይቆጠራል።»

«እሱ ደግሞ የምን በሽታ ነው?»

አሁን አጎቷን ቀና ብላ አየችው። «ይሄ የደረሰኝ ክምር እንጂ ሒሳብ አይደለም። ብሩ የወጣበት ቀንና ወጪው የሚቆጠርበት ወር ይለያያል። መጀመሪያ በወጉ ልሥራው፤ ሌባ የምንፈልገው ከዚያ በኋላ ነው።»

«በለቅሶ መሀል ሒሳብ?»

«በለቅሶ መሀል ሌባ የምትፈልገው አንተ ነህ!»

ላፕቶፗን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። እዚያም ሰላም አላገኘችም። አንዱ ወጥቶ ሌላው ይገባል፤ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፣ ከዚያ ደግሞ «ምነው ሥራ ይዘሻል?» ይላል። አንድ ጎረቤት ጉንጯን ስማ፣ አልቅሳ፣ አፍንጫዋን ከጠረገች በኋላ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ሰማያዊዋ ኮቴ ግን ታጥባ ይሆን?» ታጥባለች። ልጅቱ ጥርሷን ነክሳ ዋጋዋን ገና የሚሰበሰብ ገቢ ውስጥ መዘገበች።

ከዚያ እንፋሎትን ጠራቻት። «እትዬ፣ ለሳሙና ይሄን ሁሉ ብር ያወጣው ምን ነክቶት ነው?»

«እኔ ምኑን አውቃለሁ? ጓዳው እስከ ጣራው ሳሙና ነው። ለምን ብለው ‹ሊወደድ ነው› አለኝ።» በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ዕድሜዬን እዚያ ጨርሼ ሌባ ተባልኩ።»

ጓዳ ያለ ሳሙና ገና አላለቀም፤ ከወጪ ወጥቶ ንብረት ውስጥ ይገባል። የቀረው አንድ ትልቅ ወጪ ነበር። የደረሰኙ ጀርባ ላይ በአባቷ እጅ ጽሑፍ «ለእማማ» ተብሏል። እማማ የሱቁ አከራይ ናቸው። ያን ቀን ከሰዓት በፊት እሳቸው ራሳቸው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ።

«እማማ፣ አባቴ ይሄን ብር የሰጠዎት የምን ነው?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «የዓመት ኪራይ ነው፣ ልጄ። ‹እኔ ዓመቱን አልሞላም፤ ልቤን ሐኪም አይቶልኛል፤ ስሄድ ቤቱ በልጄና በእንፋሎት ላይ እንዳይዘጋ› አለኝ። እንዳልነግርሽም አስማለኝ።»

«ለእርስዎ ነግሮ ለእኔ!» ቱግ አለች። «በየሳምንቱ እየመጣሁ ስጨቃጨቀው ዝም! አንዲት ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት?» ከዚያ ቁጣው ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ወደ ለቅሶ ተለወጠባት። ቀኑ ሳይደርስ ሳንቲም የማያወጣ ሰው፣ እሱ የማይኖርበትን ዓመት ሙሉ ከፍሎ ሄዷል።

ፊቷን ታጥባ ሒሳቡን ለአጎቷ አሳየችው። «ከኪራዩ የሁለቱ ወር ድርሻ ይቺ ብቻ ናት። ቀሪው ገና ላልመጡት ወራት ነው። የጠፋ ብር የለም። ቤቱም አልከሰረም፤ ያተርፋል።»

አጎቷ ደረሰኞቹን አገላበጠ፣ ካልኩሌተሩን አጠፋ። ከዚያ ተነስቶ ወደ በሩ ሄደና ትሪውን ከእንፋሎት እጅ ተቀበላት። «አጥፍቻለሁ» አላት። «እስቲ ቁጭ በይ፤ እኔ ላዙር።» ስለ መሸጥ ዳግም አላነሳም።

አንድ ነገር ቀርቷል፣ የመብራቱ። ቢሉ አልመጣም፤ አባቷ እስከ መጨረሻ ቀኑ የተጠቀመበት ግን ዕዳ ሆኖ መመዝገብ አለበት። በማግስቱ ከእንፋሎት ጋር ሄደው ሱቁን ከፈቱ። መስኮት የለውም፤ ውስጡ ድቅድቅ ነው። እሱ ከሞተ ጀምሮ ምንም ስላልበራ ቆጣሪው ንቅንቅ አላለም። በስልኳ ብርሃን ቁጥሩን አይታ ጻፈችው። እስከዚህ ያለው የእሱ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚቆጥረው የእነሱ።

«ላብራው?» አለች እንፋሎት፣ እጇን ዋናው ማብሪያ ላይ አድርጋ። «የሰው ልብስ ተከምሯል።»

«ትንሽ ቆዪ፣ እትዬ።»

ጨለማው ውስጥ፣ በተሰቀሉት ኮቶች መሀል ጥቂት ቆሙ። ከዚያ ልጅቱ የእንፋሎትን እጅ ቀስ ብላ ከማብሪያው አነሳችና ራሷ ተጫነችው።