የአባባ ገብሩ ብሎኬት

ከድብድቡ በኋላ የማትናሱ በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ማትናስ እዚህ እስራኤል የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚጫወትበት አዳራሽ ነው። ወረቀቱ ግን «ኢትዮጵያውያን ማክሰኞ ብቻ» ይላል። የኔ የቅርጫት ኳስ ልምምድ ሐሙስ ነው። ማክሰኞ ከማን ጋር ልጫወት? ከግድግዳው ጋር?

ድብድቡን ያልሰማ የለም። ኪዮስኩ ጋ የሰፈር ልጆች የአጎቴን ልጅ አብዮትን «አንተ ጥቁር፣ ወደ መጣህበት ሂድ» አሉት። እሱ ደግሞ ዝም የሚል ፍጥረት አይደለም። ጠርሙስ ተወረወረ፣ ወንበር ተወረወረ፣ ግማሹ ሰፈር ወጣ። አብዮት ተፈንክቶ ራሱን ተሰፋ። ከኛ ልጆች አንዱ የወረወረው ወንበር ደግሞ የማትናሱን መስታወት አረገፈው። ፖሊስ መጣና የኛን ልጆች ብቻ ጭኖ ሄደ። እነዚያ ቆመው አይስክሬም ይልሱ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።

አያቴ አባባ ገብሩ ይህን ሲሰሙ «የሰው መስታወት ሰብረን ዝም? ሄጄ እታረቃለሁ» አሉ።

«አባባ፣ የተፈነከተው እኮ የኛ ልጅ ነው!»

«እሱም ይደርሳል። መጀመሪያ የራሳችንን።»

በኛ ወግ የበደለ ሰው ድንጋይ ጫንቃው ላይ ተሸክሞ ይሄዳል። የሚያወርድለት የተበደለው ነው፤ ራሱ ማውረድ አይችልም። ችግሩ፣ ከተማችን አሽዶድ አሸዋ እንጂ ድንጋይ የት አላት? አባባ ለሩሲያዎቹ ከሚሠራው ፎቅ ሥር ብሎኬት አነሡ። «ሆዱ ባዶ ነው፤ ግን ይከብዳል» ብለው ጋቢያቸው ላይ አሳረፉት። እኔ ላስተረጉም ከኋላ ከኋላ። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ፀለይኩ። ሰፈራችን ሮቫ ዛይን በሙሉ አየኝ።

ዘበኛው ጋድ ገና ከሩቅ ሬዲዮውን አፉ ላይ ለጠፈ። «ረኡቬን! አንድ ሽማግሌ ብሎኬት ይዞ እየመጣ ነው! አዎ፣ ብሎኬት!»

የማትናሱ ኃላፊ ረኡቬን ላብ አጥምቆት ወጣ። አባባ አንገታቸውን ደፍተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሊያት፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለኝ። ሊያት የትምህርት ቤት ስሜ ነው፤ ቤት ሐረጊቱ ነኝ።

«ስለ መስታወቱ ይቅርታ ሊጠይቁ ነው። ካላወረድክላቸው እስከ ሰንበት እዚሁ ይቆማሉ።»

የሰንበቱን ከራሴ ነው የጨመርኩት።

ረኡቬን ግራ ቀኙን አየና ብሎኬቱን በሁለት እጁ አነሣላቸው። አባባ ወገባቸውን አቀኑ፣ ጋቢያቸውን አራገፉ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ድንጋዩ ያንተ ነው፣ ልጄ። በሩን ለዘጋህባቸው ልጆች።»

ይህንን ምንም ሳልጨምር ተረጎምኩ።

«ለራሳችሁ ደህንነት እኮ ነው!» አለ።

«ደህንነታችን ሐሙስ ሐሙስ ልምምድ አለው» አልኩት።

ያን ዕለት ሐሙስ ነበር። የቡድኔ ኳስ ውስጥ ሲነጥር ይሰማኛል። ረኡቬን ብሎኬቱን እንዳቀፈ ወደኔ ጠጋ አለ። «እሺ፣ አንቺ ግቢ። አንቺ ጨዋ ልጅ ነሽ። አንቺ ብቻ።»

እውነቱን ልናገር? ብሎኬቱን ልቀበለው እጄን ልዘረጋ ምንም አልቀረኝም።

«ምን አለሽ?» አሉ አባባ። ነገርኳቸው። ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ አስተያየት ቁጣ ይሻለኝ ነበር።

«አብዮትስ? ሌሎቹስ?» አልኩት።

«እነሱን ቀስ ብለን እናያለን።»

«እንግዲያው አንተም ቀስ ብለህ ያዘው።»

ብሎኬቱ ከእጁ ይንሸራተት ጀመር። ጋድ ሊያግዘው ሲጠጋ፣ «ተው ጋድ! አንተ አልተበደልክም!» አልኩት። ጋድ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ። የቡድኔ ልጆች ኳሱን ጥለው በሩ ላይ ተሰበሰቡ። አሠልጣኛችን ኦርና እጇን አጣጥፋ፣ «ረኡቬን፣ አምስተኛ ተጫዋች የለኝም» አለች።

«ጋድ!» ጮኸ ረኡቬን። «ያንን ወረቀት ቅደድልኝ!»

ጋድ ቀደደው። ብሎኬቱን ተቀበልኩት። ለካ እውነትም ይከብዳል! በሩ ሥር ላስቀምጠው ስል አባባ ያዙኝ።

«እዚያ አትተዪው። ለታሰሩት ልጆቻችን ነገ ፖሊስ ጣቢያ እንፈልገዋለን።»

«አባባ! ያስሩናል!»

«ምን ያስሩናል? አንቺ ታስተረጉሚያለሽ።»

ብሎኬቱን አሸከምኳቸውና እጄ ሲሚንቶ እንደለበሰ ሮጬ ገባሁ። ኦርና ኳሱን ወረወረችልኝ።